የጣሳ እሬትና የገደል እሬት

እሬት ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። የሚፈላው በሰውየው አይደለም፤ እኔው ራሴ አንድ ጊዜ ብዬዋለሁና በራሴ ነው። ያውም የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ።

ዳንግላ ውስጥ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የዕፅዋት አመዳደብ ላይ ስንደርስ በየዓመቱ ሁለት እሬት ይዤ ክፍል እገባለሁ። አንደኛው ከአስተማሪዎች ማረፊያ በር ላይ በወተት ጣሳ ከተተከለው የሚነቀል ነው፤ ሰው የፈረንጅ እሬት ይለዋል። ሌላው ከገደል የመጣው ነው፤ እናቴ አገር ስሄድ ከእረኞች እቀበላለሁ። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጥና ልዩነታቸውን ንገሩኝ እላለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ያያሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ፣ ከዚያ «ቲቸር፣ ሁለቱም እሬት ነው» ይላሉ። ሴቶቹ የጣሳውን በደንብ ያውቁታል፤ ሰንጥቀው ውስጡን ፀጉራቸውን ይቀቡታል። ወንዶቹ የሚያውቁት የገደሉን ነው፤ በበሬ ቁስል ላይ ሲደረግ አይተዋል።

ቀስ ብለው ሲያዩ ግን ልዩነቱ አንድ በአንድ ይወጣል። የጣሳው ቅጠል ሽቅብ የቆመ ነው፤ ለስለስ ያለና አመድማ አረንጓዴ። ጠርዙ ላይ ያለው እሾህ ለስሙ ያህል ነው እንጂ ጣት አይወጋም። በሥሩ ዙሪያ ልጅ ይፈለፍላል፤ ዓመት ሳይሞላው ጣሳው ይጠበዋል። የገደሉ ቅጠል ሰፋ ብሎ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ እሾሁ ወደ ቀይ ያደላ ቡናማ ነው፣ ያልተጠነቀቀ እጅ ይቧጥጣል። አበባቸውም አይመሳሰልም። የጣሳው ከሆነለት ቢጫ ያወጣል፤ የገደሉ ደግሞ ፍም የመሰለ ቀይ። «ከሆነለት» ያልኩት በምክንያት ነው። የጣሳው ሙቀት የለመደ ዘር ነው። ጫግኒ ብትተክሉት ፀሐዩን ጠጥቶ ያብባል። እንጅባራ ጉም ውስጥ ብትተክሉት ቅጠል ያወጣል፣ ልጅ ያወጣል፣ አበባ ግን አይሆንለትም። የገደሉ ብርድ አገሩ ነው። ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ ክረምቱን ይችልና፣ ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ዘንጉን ያወጣል።

ዘመዳሞች መሆናቸውን ለልጆቹ የማስረዳቸው በምሬታቸው ነው። ሁለቱም ሲቆረጡ ቢጫ ውኃ ያወጣሉ፤ ያን ውኃ በምላሱ የነካ ሰው ቀኑን ሙሉ ይተፋል። እናቴ እኔንም ታናሽ ወንድሜንም ጡት ያስጣለችን ይህንኑ ቀብታ ነው። እሷ እንደምትለው እኔ አንድ ጊዜ ቀምሼ በዚያው ተውኩ። እሱ ግን ፊቱን አጨማዶ፣ እያለቀሰ፣ መጥባቱን ቀጠለ። «ያኔ ነው ጠባዩን ያወቅሁት» ትላለች።

በእኛ በኩል ሰው ሲሞት በአርባው ቀን በመቃብሩ ራስጌ እሬት ይተከላል። እሬት ውኃ አጠጡኝ አይልም፤ ከብትም አይግጠውም፤ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዋናው ግን አበባው ነው። እሬቱ መጀመሪያ ያበበ ዕለት «ተቀበለው» ይባላል። ለሟቹ ደጅ ተከፈተለት፣ እግዚአብሔር እሺ አለው ማለት ነው። ቄሶቹ ይህ ከመጽሐፍ የለም ይላሉ፤ ይሁን እንጂ እነሱም ከቅዳሴ ሲመለሱ በመቃብሩ መሃል ሲያልፉ ዓይናቸውን ጣል ማድረጋቸው አይቀርም። እኔ አላምንበትም ነበር። እሬት የሚያብበው ዕድሜው ሲደርስና የአየሩ ነገር ሲመቸው ነው። ይህን ለፈተናም አወጣዋለሁ።

እናቴ የምትኖረው ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው በኩል ነው። ባጃጅ እስከ አንድ ቦታ ያደርስና የቀረው በእግር ነው። እሷ እንጅባራን ዛሬም በድሮ ስሙ ቆሰበር ነው የምትለው። አማርኛዋ ለገበያና ለመንግሥት ነው፤ ሲከፋትና ደስ ሲላት ሆዷ የሚናገረው በአገውኛ ነው። ወንድሜ ከእሷ ጋር ይኖር ነበር። ቀርከሃ እየቆረጠ ቆሰበር ገበያ ያወጣል፤ ድንች ይተክላል፤ ጣሪያ ቢያፈስ እሱ ነው የሚወጣ። ጥሩ ልጅ ነበር። ኋላ ላይ ግን አረቄ ለመደ። ለምን እንደ ለመደ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅ። ዳንግላ ሆኜ በስልክ መቆጣት ነበር የኔ ድርሻ።

አንድ ዓመት በፍልሰታ ጾም ሰክሮ መጣ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ከሰዎች ጋር ስትመለስ ደጃፍ ላይ ወድቆ አገኘችው። አፍራ፣ ተናዳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ። የምትመጣው ሬሳህ ሲመጣ ነው» አለችው። በአገውኛ ነው ያለችው፤ በአማርኛ ስጽፈው ትንሽ ለዝቧል።

እሱም ቃሏን ጠበቀላት። ጫግኒ ወርዶ እህል በረንዳ ጆንያ ይሸከም ጀመር። ሰው ሲያገኝ ሰላምታ ይልካል፤ መምጣት ግን አልመጣም። እሷም ና አላለችውም። ልትለው እንደምትፈልግ እኔ አውቅ ነበር፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች፤ አንዳችን ሌላችን እስክትጀምር ስንጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወባ ይዞት በሦስት ቀኑ ሞተ። ቄስ ሳይደርስለት፣ ሳይናዘዝ። በጭነት መኪና አመጡት። እናቴ እንደ ሌላ እናት ደረቷን አልመታችም፤ አልጮኸችም። በሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ አስከሬኑ ሲገባ የደጇን መድረክ ብቻ ታይ ነበር። ለቀስተኛው ሐዘን አድርቋታል አለ። እኔ ግን ምን እያየች እንደሆነ ገብቶኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አርባው የዋለው ፈተና በማርምበት ሳምንት ነበር። የመቃብሩን እሬት ዘመድ ነው የሚያወጣው፤ የገደሉን ለማምጣት ከእናቴ ቤት ከአንድ ሰዓት በላይ ተሂዶ፣ ያውም በጭቃ፣ ገደል መውረድ ነበረብኝ። ለዚያ ደግሞ ከዋዜማው መምጣት ያስፈልጋል። ጠዋት ከዳንግላ ልነሳ ስል ከማረፊያው በር ላይ ከጣሳው አንዱን ልጅ ነቀልኩና በፌስታል ጠቀለልኩት። እሬት እሬት ነው አልኩ። ልክ ተማሪዎቼ እንደሚሉት። የጊዜ እጥረት ብቻ ነበር ብል ግን ዋሸሁ። በወንድሜ ተናድጄ ነበር። እናቴን እዚያ በር ሥር ስላስቀመጣት፣ ፊት ለፊት ሳልቆጣው ስለሞተብኝ፣ በስንቱ። ለሱ ብዬ ገደል ልወርድ አላሰኘኝም።

ከሥርዓቱ በኋላ ራስጌው ላይ ቆፍሬ ተከልኩት። እናቴ ጥቂት ራቅ ብላ ከቅጽሩ ግንብ ተጠግታ ቆማ ነበር። «አንቺ መትከልሽ ጥሩ ነው፤ የተማረ እጅ ነው» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዤ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ሴት ባላቸውን ቀብረው ነበር። እትዬ ነው የምላቸው። የእሳቸው ባል መቃብር ከወንድሜ በሁለት እርምጃ ይርቃል። የእሳቸው ልጆች እሬቱን ከገደል አምጥተው ተከሉ፤ በሁለተኛው ዓመት አበበ። እትዬ ዳቦ ደፍተው ጎረቤት ጠሩ። እናቴም ሄደች፤ ዳቦውን ቆርሳ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ መጣች። ይህን የነገረችኝ በስልክ ነበር፤ ቀጥላ ስለ ድንቹ በሽታ አወራችኝ። ልትለኝ የፈለገችው ሌላ ነገር እንዳለ አልጠረጠርኩም። ጥሩ ነው አልኩና ስለ ድንቹ መድኃኒት መከርኳት።

በዚያ ላይ እንደ ልብ መመላለስ ቀረ። አንዳንዴ መንገድ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ኔትወርክ ጠፍቶ ሳምንታት ድምጿን ሳልሰማ እቆያለሁ። መንገድ ተከፍቶ ስሄድ እናቴ በየጊዜው ቀንሳ ነው የማገኛት። አንገቷ ቀጠነ፤ ቀሚሷ ሰፋት። እኔ ደግሞ ሲያሳስበኝ የሚቀናኝ መቆጣት ነው። ጨጓራ ነው ብዬ እንጅባራ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። መረመሯት፤ ምንም የለባትም አሉ። በባጃጅ ስንመለስ እንደ ሕፃን ስገስጻት መጣሁ። ለምን አትበዪም፣ ለማን ብለሽ ነው የምትቆጥቢው፣ ሰውስ እኔን ምን ይለኛል እያልኩ። ባለባጃጁ ሳይቀር በመስታወት ያየኝ ነበር። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ከቤቷ ስወጣ እትዬን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላም ተባባልንና ልለፍ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«እናትሽን ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ታንከራትቻታለሽ አሉ» አሉኝ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ አልበላ አለች።»

«መብላት አቅቷት መሰለሽ? እየጾመች ነው እንጂ።»

«ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ፣ የምን ጾም ነው?»

«የልጇ ነዋ። ባሌ ካበበለት ጊዜ ጀምሮ ከዓመት በዓል በቀር፣ ሰንበትም ቢሆን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ አይዞርም። ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። እኔም ንስሐ አባቷ ይወቁት ብያት ነበር፣ እንቢ አለች።» ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ያልተቀበለው በኔ ቃል ነው ትላለች። ደጄን አትርገጥ ብዬው በሰማይም ደጅ ዘጉበት ትላለች። ድሮ በጸሎቷ ጌታዬ ተቀበለው ትል ነበር። አሁን እሱንም ትታዋለች። አሁን የምትለው የሱን ቅጣት ለኔ አድርገው ነው።»

ተሰናበትኳቸው። እግሬ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደኝ።

የእትዬ ባል መቃብር ላይ ሁለት ቀይ ዘንግ ቆሟል። ከጎኑ የወንድሜ። ቅጠሉ ገርጥቷል፤ ጫፉ በብርድ ቡናማ ሆኗል። በዙሪያው ልጆቹ ተፈልፍለው አፈሩን ሞልተውታል። ለአበባ ዘንግ የሚሆን ምልክት እንኳ የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። በየዓመቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የማስቀምጣቸው ሁለቱ ናቸው። እዚህ ጎን ለጎን ተተክለው ሦስት ዓመት ሙሉ በመጣሁ ቁጥር ሳያቸው ኖሬ አላየኋቸውም። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ስልኬን ነበር የማየው።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያዘንኩት ለእናቴ ብቻ አይደለም፤ አፍሬ ነበር፣ ከማፈርም አልፎ ፈርቼ ነበር። አንዲት ሴት ልጇ ገነት ይግባ አይግባ ለማወቅ የምትጠይቀውን ነገር እኔ በፌስታል ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት።

ያን ቀን ወደ ዳንግላ አልተመለስኩም። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ እትዬን ገደሉን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ለእናቴ ከእትዬ ጋር ልሂድ ነው ብቻ ብያት ነበር። ገደሉ አፍ ላይ ስንደርስ እሳቸው ጫማዬን ይዘው ቁጭ አሉ፤ እኔ ሥር ሥሩን እየያዝኩ ወረድኩ። እንዲህ ያለ ነገር ካደረግሁ ሃያ ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም። ቀሚሴ ተቀደደ። እሬቱ ድንጋዩ ላይ ሞልቷል፤ ትንሹም ትልቁም አለ። ትንሹን መንቀል ይቀላል፣ ቶሎም ይያዛል፤ ይህን አውቃለሁ። እኔ ግን ዓይኔ ሲፈልግ የነበረው ሌላ ነው። አግኝቼም ነቀልኩት፤ መሃሉ ላይ የተዘጋ እምቡጥ ያለበት፣ ዘንጉ ገና አንድ ስንዝር የሆነ።

ወጥቼ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ሳስገባው እትዬ አዩት።

«እምቡጥ ያለውን መረጥሽ።»

«አዎ።»

ጫማዬን መለሱልኝ። ከዚያ «ዛሬ ከሰዓት ትተኛለች። ያኔ ብትቀይሪው ማን ያያል?» አሉኝ። «በሳምንቱ ያብባል። እሷም ትበላለች። እኔ እንደሁ አፌን ብትፈለቅቂው አይወጣም።»

«ኃጢአት አይሆንም?»

«እናትን ማስራብስ?»

ጆንያውን ተሸከምኩ። ልቤ ከእሳቸው ጋር ነበር። መንገዱን ሙሉ ሳስበው የነበረው ይህንኑ ነው፤ ማታ ስልክ ትደውልልኛለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «አበበ» ትለኛለች፣ እኔም «አየሽ፣ ብዬሽ አልነበር» እላታለሁ። እትዬ ወደ ቤታቸው ሲታጠፉ እጄን ጨበጥ አድርገው ሄዱ።

ቤት ስደርስ እናቴ አልተኛችም። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ያ ድንች ለኔ ነው፤ እሷ የምትቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ጭቃዬን፣ የተቧጠጠ ክንዴን፣ የተቀደደ ቀሚሴን አየች። ከዚያ ጆንያውን።

«ምን ይዘሽ ነው?»

ለትምህርት ቤት ነው ልላት አዘጋጅቼ ነበር። በየዓመቱ ስለምወስድ ታምነኛለች። ሕሊናዬ ወቀሰኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እንደዚያ አይደለም። ውሸት አልችልም፣ ፊቴ ቀድሞኝ ይናገራል። ወንድሜ በልጅነታችን አብረን ሰርቀን ስንያዝ ይህን ጠባዬን ሲረግም ነበር የኖረው።

ቆሜ ነገርኳት። እዚያ የተከልኩት የገደሉ እንዳልሆነ፣ ከዳንግላ ከጣሳ ነቅዬ ያመጣሁት እንደሆነ፣ ያ ዘር በዚህ ብርድ እንደማያብብ። የማንም ልጅ መቃብር ላይ ቢተከል፣ የጻድቅም ቢሆን፣ እንደማያብብ። ይህን ማወቅ ያለብኝ ሰው እኔ እንደነበርኩ። እትዬ የነገሩኝንም አልደበቅኳትም።

የያዘችውን ድንች ልጣ ጨረሰች። ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠችውና ቢላዋውን በቀሚሷ ጠረገች።

«ቅጠሉ እንደ ሌላው እንዳልሆነ አይቻለሁ» አለች። «ገርጥቶ አይቼዋለሁ። ቃሌ ነው ያገረጣው አልኩ። ሌላ ዘር ይሆናል ወይ ብዬም አንድ ቀን አስቤ ነበር። ኋላ ደግሞ፣ እሷ የተማረች አይደለች፣ ይህን ታጣዋለች ወይ አልኩና ተውኩት።»

«እማዬ፣ ይቅር…»

«ቆይ።» እጇን አነሳች። «እና ይህን ሁሉ ዘመን አይሆንም ሲለኝ የነበረ እግዜር አይደለም። አንቺ ነሽ።»

አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ ልታባብለኝም አይገባም ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ መቆፈሪያውን ከግድግዳው አንስታ «ነይ» አለችኝና ቀድማኝ ወጣች። እንደዚያ ፈጥና ስትራመድ ካየኋት ቆይቻለሁ።

የጣሳውን ነቀልኩት። ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ አፈሩን ይዘው አስቸገሩኝ። ልወረውረው ስል «እሱ ምን አጠፋ? ከነልጆቹ አገሩ መልሺው» አለችኝ። ከዚያ የገደሉን ከጆንያው አውጥቼ ጉድጓዱ ውስጥ ላቆመው ስል እጇን ዘረጋች። ዓይኗ ለቅርብ ነገር ደክሟል፤ በጣቷ ነው የምታየው። እሾሁን ዳሰሰች፣ የቅጠሉን ውፍረት ዳሰሰች፣ ራሷን ነቀነቀች። ጣቷ መሃሉ ጋ ደረሰና ቆመ።

«ይህስ?»

«እምቡጥ ነው።»

«ሲመጣ ነበረው?»

«አዎ። እያወቅሁ ነው የመረጥኩት።»

ዘንጉን ከሥሩ ያዘችና ቀነጠሰችው። ቢጫው ውኃ ጣቷ ላይ ፈሰሰ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እኔ ለዚያች እምቡጥ ብዬ ገደል ላይ ተንጠልጥያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ልጮህባት ምንም አልቀረኝ።

«ይህ የገደሉ ነው» አለች። «ልጄ ያወጣው አይደለም። የራሱን እሱ ያውጣ።»

አፈሩን መለስኩ፤ በእግሬ ጠቀጠቅሁት። እናቴ ጎንበስ ብላ መቃብሩን ታወራው ጀመር፣ በአገውኛ። ብዙውን ሰምቻለሁ፣ ሁሉን አልጽፈውም። ስለ እርግማኗ ይቅርታ ትጠይቀዋለች ብዬ ነበር፤ እሱን ድሮም ስትጠይቀው ኖራለች። የዚያን ቀን የጠየቀችው ስለ ሌላ ነው። እግዜር እንዳልተቀበለህ አምኜብህ ነበር፣ ስላመንኩብህ ይቅር በለኝ አለችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺም በዪ።»

ሙታን ይሰማሉ ብዬ አላስተምርም። አፌን ስከፍት ያዘጋጀሁት አንድም ቃል አልነበረኝም። «ወንድሜ» አልኩት፣ «ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። በዚያ ላይ ተናድጄብህ ነበር።» 

ቤት ስንመለስ ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም። ድንቹን ቀቅዬ በሚጥሚጣ አቀረብኩላት። ባርካ ስትቆርስ ዓይኔን ከእጇ መንቀል አቃተኝ። «ምን ታፈጪብኛለሽ፣ ብዪ እንጂ» አለችኝ። ጾሙስ ብዬ ብጠይቃት፣ «ምን እንደመለሰልኝ ሳላውቅ ነው ለካ የጾምኩት። እስኪመልስልኝ እበላለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ወዝ አግኝታለች። ቀሚሷ ልኳ ሆኗል። እንቅልፍም ይወስዳታል፣ እትዬ ነግረውኛል። ስደውል ስለ ድንቹ ታወራኛለች፤ ስለ እሬቱ አታነሳም። የማነሳው እኔ ነኝ። «ወጣ ወይ?» እላታለሁ፣ እንደ ዋዛ አድርጌ። «ገና ነው፤ አሁን ሥር እየያዘ ነው» ትለኛለች፣ እኔ ለተማሪዎቼ እንደምለው። መንገድ በተከፈተ ቅዳሜ ስሄድ ቤቷ ሳልደርስ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል እዞራለሁ። ጎንበስ ብዬ መሃሉን በጣቴ እገልጣለሁ፤ ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን እያየሁ።

ዘሩ ትክክለኛው ነው። አፈሩም፣ ብርዱም የሚስማማው ነው። ይህኛው ባያብብ ለእናቴ የምነግራት ነገር የለኝም።